በሾፌሩ በር ላይ የተጫረችው «ሰ»

«ብረት ነው፤ ይጠገናል፤ ዋናው አንተ ደህና መሆንህ ነው።» መኪናው የተጫረበት ሰው ሁሉ ይህን ይሰማል። ትክክል አይደለም። ብረት አይደለም፣ አይጠገንም፣ እኔም ደህና አልነበርኩም። የመኪናን ብረት የሚያይ ማንም የለም። የምናየው ቀለሙን ነው፤ የምንኮራውም የምናፍረውም በቀለሙ ነው። ይህን ማጽናኛ የፈጠረው ሰው ወይ መኪና አልነበረውም፣ ወይ ጠላት አልነበረውም።

እኔ ሁለቱም ነበሩኝ። ቢያንስ መኪናው እንደነበረኝ እርግጠኛ ነኝ።

እንደ ቁምሳጥን አራት ማዕዘን የሆነ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ አሮጌ የስዊድን መኪና ነበር። ስቶክሆልም ዳር፣ ቮርቢ ጎርድ በሚባል ሠፈር፣ ከምንኖርበት ፎቅ ሥር ባለው ገላጣ መኪና ማቆሚያ ያድራል። ከዚያ ተነሥቼ በስቶክሆልም ዙሪያ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞርኩ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ልጆቹ በአማርኛ ስጠይቃቸው በስዊድንኛ ይመልሱልኛል፤ እኔም ይህንኑ «የእናት ቋንቋ ትምህርት» ብዬ ደመወዝ እቀበልበታለሁ።

በረዶው ቀልጦ፣ በክረምት እንዳያንሸራትት አስፋልቱ ላይ የበተኑት ጠጠር ብቻ በቀረበት ሰሞን፣ አንድ ማለዳ ወደ ሥራ ልሄድ ስወርድ በሾፌሩ በር ላይ፣ ከእጀታው ሥር፣ ጭረት አየሁ። አንድ መስመር ቁልቁል ይወርድና ወደ ሁለት እግር ይከፈላል። ቀኙ አጠር፣ ግራው ረዘም ያለ ነው። ቀለሙ ተልጦ ከሥሩ ግራጫ ነገር ይታያል። ስዊድናዊው ጎረቤቴ ቢያየው የሱቅ ጋሪ ሥራ ይለዋል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ፊደል ሳስቆጥር የምውል ሰው ነኝ። ሰ ነበረች።

በሰ የሚጀምር ቃል ሞልቷል። በዚያ ዘመን ግን በስቶክሆልም ሐበሾች መካከል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገረው በሰ የሚጀምር ቃል አንድ ብቻ ነበር። ሰላይ።

ይህን ለመረዳት ያንን ጊዜ ማወቅ ያስፈልጋል። አገር ቤት ነገር ተካሮ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ከዚያ ብሶ ነበር፤ ምክንያቱም እዚህ መጮህ አያሳስርም። ቅዳሜ ቅዳሜ በኪራይ አዳራሽ ስብሰባ አለ። ሰልፍ ላይ ካሜራ የያዘ ሰው ሲታይ ሕዝቡ ካሜራውን ሳይሆን ሰውየውን ያጠናል። እኔም መጥፎ ልማድ ነበረብኝ፤ ማንም ይናገር ማን፣ መጨረሻ የተናገረውን እቃወማለሁ። በዚህም አንደኛው ወገን የሌላኛው ነው አለኝ፤ ሌላኛውም መልሶ ለአንደኛው ሰጠኝ። እስከዚያ ድረስ ግን ለፍላፊ ከመባል አላለፍኩም ነበር።

ከገና በፊት እናቴ ሞቱ። አገር ቤት ሄጄ ከጥምቀት በኋላ ተመለስኩ። መዘዙ የመጣው ከመመለሴ ነው። በእኛ ሰዎች ሚዛን ያልሄደ ሰው ጠንቃቃ ነው፤ ሄዶ የታሰረ ሰው ጀግና ነው፤ ሄዶ በሰላም የተመለሰ ሰው ግን በራሱ ላይ የመሰከረ ነው። ካልተነካ ለምን አልተነካም? አዲስ አበባ አየር ማረፊያ ፓስፖርቴን የተቀበለው ወጣት እያዛጋ ነበር። አዛግቶ ማኅተም መታና መለሰልኝ። ሰውየው ሁለት ጥያቄ ቢጠይቀኝ፣ ትንሽ ቢያንገላታኝ፣ ስቶክሆልም ስገባ ቤቴ በለቀስተኛ ይሞላ ነበር።

ለቅሶ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ከመጡት አንዱ ሚዜዬ ነው። እሱን ሚዜ ብቻ ብሎ ማለፍ ይከብዳል። አብረን የመጣን፣ በአንድ የስደተኛ መጠለያ ክፍል ከላይና ከታች አልጋ የተኛን፣ በሠርጌ ቀን የተበደርኩትን ሱፍ እጅጌ በመርፌ ያሳጠረልኝ ሰው ነው። ስዊድን ውስጥ ዘመድ የምለው እሱን ብቻ ነበር። ያን ቀን በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ጃኬቱን አላወለቀም። ከሌሎቹ ጋር ቆይቶ፣ ሊወጡ ሲነሡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፦

«አየር ማረፊያ ላይ ምንም አላሉህም?» አለኝ።

«ምንም። ልጁ እያዛጋ ነበር።»

«ምንም?»

ከዚያ እግዜር ያጽናህ ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። ያቺ ሁለተኛዋ «ምንም?» ግን ቤታችን ውስጥ ቀረች።

አሁን በበሩ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። የሚዜዬ የእጅ ጽሑፍ ያምራል። የቤተ ክርስቲያናችንን ማስታወቂያ የሚጽፈው እሱ ነው፤ መቼ ጾም እንደሚገባ፣ መኪና የት ማቆም እንደማይፈቀድ። ሰ ሲጽፍ ግራ እግሯን ያስረዝማታል። ስንት ዓመት ቀልጄበታለሁ፤ «ሰ»ህ ልትሄድ ነው እንዴ፣ እግሯን አስቀድማለች፣ እያልኩ። የእጅ ጽሑፍ ማረም ሥራዬ ነው። ስሙን ያልጻፈ ተማሪ ወረቀት ሲሰጠኝ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። በመኪናዬ በር ላይ ያየሁት የሚዜዬን እጅ ነበር።

ጠጠሩ ላይ ቆሜ ዙሪያዬን ተመለከትኩ። ፎቆቹ ላይ ያሉት መስኮቶች ሁሉ ወደ እኔ ነበሩ። ማንም አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናው ጋ ከመድረሴ በፊት ቁልፉን በጣቶቼ መካከል አስገብቼ እይዛለሁ፤ በእሱ ምን ለማድረግ እንዳሰብኩ ዛሬም አላውቅም። ስልክ ጮሆ ሳነሣ ዝም ካለ፣ ቁጥር የተሳሳተ ስዊድናዊ መሆኑን አላምንም። ሪንከቢ ሠፈር በርበሬ የምገዛበት ሱቅ ባለቤት መልስ ሲሰጠኝ አይኔን ካላየ፣ እንደ ሰማ እቆጥራለሁ፤ አይኔን ካየም እንደ ሰማ እቆጥራለሁ። ማንም እንዲደበድበኝ አልጠበቅሁም። የፈራሁት መነበብን ነው።

ባለቤቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ጠዋት ሰው ሞቶባት ከሰዓት በኋላ ሌላውን የምታበላ ሴት ናት፤ በቀላሉ አትደነግጥም። ወርዳ አየችው። ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች።

«ለምን ሰላም አይሆንም?» አለችኝ።

ሰላምን በምስማር የሚጽፍ የለም አልኳት።

«እሺ፤ ሰነፍ ይሆናላ። ክረምቱን ሙሉ ከጣራው ላይ በረዶ ሳትጠርግ ስትነዳ ያየህ ሰው።»

ልጃችን ደግሞ አየችና በስዊድንኛ የተገለበጠ «Y» ነው አለች፤ ምን እንደሚያስጨንቀንም ጠየቀች። የአማርኛ መምህር ልጅ ሆና ከሀ እስከ ለ እንኳን በትክክል አትዘልቅም ነበር። ለዚህ ስንት ጊዜ አዝኛለሁ። ያን ቀን ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ተመስገን አልኩ።

ፈሪ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡን ጥሩ ሐሳብ ይለዋል። የእኔ የመጀመሪያ ሐሳብ ጭረቱን በራሴ እጅ መሸፈን ነበር። የመኪና ዕቃ መሸጫ ሄጄ ከሞተሩ አጠገብ ባለችው ትንሽ ሳህን ላይ የተጻፈውን የቀለም ቁጥር ሰጠኋቸው። በትንሽ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ውስጥ ብሩሽ ያለበት፣ ልክ እንደ ጥፍር ቀለም ያለ ነገር ሰጡኝ። ቤት ተመልሼ ተንበረከክኩ። ብሩሹን ከላይ ጀምሬ በጭረቱ ውስጥ ቁልቁል ሳብኩት፤ ከዚያ ግራውን እግር፤ ከዚያ ቀኙን። ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያደረግሁት ያንኑ ነው።

ሲደርቅ ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛ፣ የፋብሪካው ሰማያዊ በስዊድን ፀሐይና ጨው ከርሞ የገረጣ ስለሆነ፣ አዲሱ ሰማያዊ ከእሱ ይልቅ ጠቁሮ ይታያል። ሁለተኛ፣ ቀለሙ በጭረቱ ውስጥ አልተኛም፤ ወፍሮ ጉብ ብሏል። ትናንት ለማንበብ ጠጋ ማለት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ከመንገዱ ማዶ ይነበባል። ባለቤቴ በመስኮት አይታ ጫማ ሳታደርግ ወረደች። ቆማ ተመለከተችው።

«ቅድም ጭረት ነበር» አለች። «አሁን ጻፍከው።»

ከዚያ በኋላ መኪናዬን የማቆመው ሾፌሩ በር ግድግዳ እንዲያይ አድርጌ ብቻ ሆነ። ግድግዳው በጣም ከመቅረቡ የተነሣ በጋቢናው ውስጥ ተንፏቅቄ በሌላው በር እወጣለሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በባቡር መሄድ ጀመርን። እኛ የምንገለገልበት ከስዊድኖች የተከራየነው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ የሐበሻ መኪና ተሰልፎ፣ ሰው በየመኪናው ተደግፎ ያወራል። እዚያ ፊደል ያልቆጠረ የለም። መኪናህስ ሲሉኝ ጋራዥ ገብቷል እላለሁ። የቱ ጋራዥ ሲሉኝ ወሬ እለውጣለሁ፤ ምክንያቱም ሁላችንም የምንሄደው አንድ ሰው ጋ ነው። ሪንከቢ አካባቢ ምድር ቤት ውስጥ የሚቀባ፣ ስቱኮ ሲለስን የሰውን ወሬ አብሮ የሚለስን የእኛው ሰው። ጥሩ ቀለም ቀቢ ነው። ይህን ሁሉ ሐበሻ የሚያገናኘው እሱ ነው፤ በሩን ለእሱ ማሳየት ማለት በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ማንበብ ማለት ነው።

ስለዚህ ማንበብ የማይችል ቀለም ቀቢ ፈለግሁ። ማስታወቂያ ሳገላብጥ ከከተማው በስተሰሜን፣ ኡፕላንድስ ቬስቢ፣ ከሐዲዱ ማዶ ያለ አንድ ጋራዥ አገኘሁ። ሐበሻ የማይረግጠው ቦታ መሰለኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። ሰውየው ትልቅ፣ ቀይ ጢም፣ ትንሽ የሚናገር ነው። በሩ ፊት ተቀምጦ አውራ ጣቱን በጭረቱ ላይ አሻግሮ ሳበ። ጥፍሩ ያዘው። ጥፍር ከያዘ፣ የሄደው ከላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ሽፋን ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ መሞረድ፣ መለሰን፣ በሩን በሙሉ መቀባት ይጠይቃል። ይህን ከነገረኝ በኋላ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ራሱን ዘንበል አደረገ። ከዚያ በስዊድንኛ ጠየቀኝ።

«ምን ይላል?»

ምንም አይልም፣ ጭረት ነው አልኩት። እሱ ግን ጽሑፍ ይመስላል አለ። ከአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ እንዲህ ያለ ፊደል ማየቱን አስታወሰ፤ እዚያ የበላውንም ዓይነት በእጁ ቅርጽ አሳየኝ፤ ጥሩ ነበር አለ። ይህን ሁሉ መንገድ ማንበብ የማይችል ፍለጋ መጥቼ፣ በራሴ ብሩሽ አንባቢ አድርጌዋለሁ።

ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነ መድን ድርጅቱ የፖሊስ ማመልከቻ ይጠይቃል፣ ለፖሊስ ብትነግር ይሻልሃል አለኝ። ወደ ቤት ስነዳ መንገዱን ሁሉ አሰብኩበት። ፖሊሱ ምን ተጻፈ ይለኛል። አንድ ፊደል እለዋለሁ። ምን ማለት ነው ይለኛል። ሰላይ ማለት ነው እለዋለሁ። ቀና ብሎ ያየኛል። ማንን ትጠረጥራለህ ይለኛል። ሚዜዬን። ከዚያ ያ ሁሉ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል፤ አንድ ቀን አንዱ አስተርጓሚ ያየዋል፤ አስተርጓሚ ደግሞ ሰው ነው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። ማመልከት ቀረ። ቀለም ቀቢው የሰጠኝን ቀጠሮ ብቻ ይዤ ተመለስኩ።

ቀጠሮው ሳይደርስ ሚዜዬ ደወለ።

ድምፁን ወዲያው አወቅሁት። አሁን ይነግረኛል አልኩ፤ ለምን እንደጻፈው። እሱ ግን እንደምን አለህ እንኳን አላለም። ወደ አርላንዳ አየር ማረፊያ የሚወስደው ሰው እንደሚፈልግ ነገረኝ። ለማንም እንዳልናገር አደራ አለኝ። ከቤቱ ሳይሆን ከሪንከቢ አደባባይ በስተጀርባ እንዳነሣው፣ ለሚስቱና ለጎረቤቶቹ ለሥራ ኮርስ ዮተቦርይ ከተማ እሄዳለሁ እንዳላቸው። ወዴት ነህ አልኩት።

«አገር ቤት» አለ። «እናቴ ታመዋል። የምነግረው ሌላ ሰው የለኝም።»

ቀጠሮዬ ገና በመሆኑ በሩ እንዳለ ነበር። ታክሲ ያዝ ማለት አልቻልኩም፤ ለሌላ ሰው ቢሆን እል ነበር። በበነጋው ረፋድ ላይ ደርሼ መኪናውን ልክ እንደ ልማዴ አስጠጋሁ፤ የሾፌሩ በር ከአንድ ሱቅ የኋላ ግድግዳ ጋር፣ የተሳፋሪው በር ደግሞ እሱ ይመጣበታል ወዳልኩት መንገድ። ጭረቱን ማየት የማይችል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሰው እንዳያየው በሱቆቹ ጀርባ፣ በቆሻሻ ማጠራቀሚያዎቹ በኩል፣ ግድግዳውን ታክኮ መጣ። ሻንጣውን አንሥቶ፣ በመኪናውና በግድግዳው መካከል በጎን ተሸጉጦ ሲያልፍ፣ በሩ ከአፍንጫው ሥር ሆነ። በመስታወቱ አየሁት። ቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ተማሪዎቼ ፊደል ሲያነቡ እንደሚያደርጉት።

ሻንጣውን ከኋላ አስገብቶ ዞሮ ተቀመጠ። ቀበቶውን አሰረ። አውራ ጎዳናው ላይ ወጣን። ከፊት ያለውን የጭነት መኪና ልቀድም ያሰብኩ ይመስል ፍሬቻ አበራሁ፤ ከዚያ አጠፋሁት። የኡፕላንድስ ቬስቢ መውጫ ምልክት ሲመጣ ነው የተናገረው።

«ማን ጻፈብህ?»

አላውቅም አልኩት።

«እኔን ነው የጠረጠርከው።»

ጥያቄ አልነበረም። መዋሸት ይቻል ነበር። «ግራ እግሯ ረዥም ናት» አልኩት።

ከአፍንጫው ሳቅ ወጣ። «እኔ ብሆን ሙሉውን ነበር የምጽፈው። በሩ ሰፊ ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «ደግሞ በብሩሽ እንደዚያ አዝረክርኬ የምጽፍ ይመስልሃል?»

ብሩሹ የእኔ መሆኑን ስነግረው ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። ጠላቱ በእርሳስ የጻፈውን በቀለም የሚያደምቅ ሰው ስዊድን ውስጥ አንተ ብቻ ነህ አለኝ፤ ደሞዝ ሊከፍሉህ ይገባል አለኝ። ከዚያ ሳቁ ሲያልቅ ዕንባው አላለቀም። ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ ጥዱን እያየ ነገረኝ። ለቅሶ የመጣ ቀን እናቱ መታመማቸውን ሰምቶ ነበር። ሐዘን ላይ ስለነበርኩ አልነገረኝም። ሊሄድ አስቦ፣ ፈርቶ፣ መንገዱ እንዴት እንደነበር ሊጠይቀኝ ነበር የመጣው። ምንም ስለው አላመነኝም። እንዳይሸበር ብዬ የደረሰብኝን የደበቅሁት መስሎት። ክረምቱን ሙሉ እዚያች «ምንም» ውስጥ ምን እንዳለ ሲያሰላስል ቆይቷል።

እኔም እዚያችው ቃል ውስጥ ነበርኩ። ከሌላው በኩል።

«ሰላይ ነው ብለህስ አልጠረጠርከኝም?» አልኩት።

«ትንሽ» አለ። «ከሌላው ሰው ያነሰ።»

አርላንዳ ስንደርስ ሻንጣውን አልሰጠኝም፤ ራሱ ያዘ። ወደ ውስጥ የሚያስገባው የመስታወት በር ሲከፈት አልገባም፤ በሩ ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ። የመጨረሻው ሰው ሆኖ ሊገባ የፈለገ ይመስላል። እስካልደወልኩ ድረስ ለሚስቴ ምንም አትንገራት አለኝ። ከዚያ ወደ መኪናው በአገጩ እያመለከተ፦

«ስመለስ ግን በዚህ በር እንዳትመጣብኝ።»

ቀጠሮዬ ደርሶ መኪናውን ለቀለም ቀቢው ሰጠሁ። ሥራውን ሲጀምር የጻፍኩትን ቀለም ማሟሚያ በነካ ጨርቅ ጠረገው፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ሞረደ። እኔ እስከዚያ ድረስ ቆሜ ነበር። መጀመሪያ ብሩሼ ሄደ፤ ከዚያ እግሮቹ ሄዱ፤ በመጨረሻ ግንዱ ግራጫ ጭስ መስሎ ቀረ፤ ከዚያ እሱም የለም። ሰውየው አሻሽቶ አየና ብረቱ አልተነካም አለኝ። መልካም ዜና መሆኑ ነው። አመስግኜው ወደ ባቡሩ ሄድኩ።

ልወስደው ስመለስ በሩ እንደ ውሃ ሆኖ ነበር። የጋራዡ መብራት በሙሉ ሳይሰበር ይታይበታል። አዲሱ ቀለም ከአሮጌው ጋር እንዲዋደድ ከጎኑ ባለው በር ላይም በስሱ ነፍቶበታል። ማንም አያውቅም አለኝ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከጎን ካላየኸው በስተቀር። ቤቴ እስክደርስ ፀሐይ አዘቀዘቀች። እሱ እንዳለው ነው፤ ያ በር ከመኪናው በዓመታት ወጣት ሆኖ ይታያል። ጭረቱ የለም። የጭረቱ ቦታ የቱ እንደሆነ ግን ከበፊቱ የበለጠ ይታወቃል። አይጠገንም ያልኩት ለዚህ ነው።

ሚዜዬ የደወለው ዘግይቶ ነው። እስኪደውል ድረስ ያሳለፍኩትን አልናገርም፤ ብቻ ባለቤቱን ገበያ ሳገኛት ደውሎልህ ነበር፣ ዮተቦርይ እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ፣ እኔም ደህና ነው አልኩ። እናቱ ተሽሏቸው ቆመው ሸኝተውታል። ልቀበለው አርላንዳ ሄድኩ። በመስታወቱ በር ሲወጣ ከሩቅ አየሁት፤ ወፈር ብሏል፣ ፀሐይ መቶታል፣ እጁን ያወዛውዛል። ደስታዬን ልገልጸው አልችልም። አቀፍኩት። መኪናው ጋ ስንደርስ አዲሱን በር በመዳፉ ዳበሰው፤ ነፍስ ይማር አለው። ተሳፈርን። አውራ ጎዳናው ላይ ስንወጣ፣ ምንም ሳላስብ፣ ለወሬ ያህል ጠየቅሁት።

«አየር ማረፊያ ላይ ምንም አላሉህም?»

«ምንም። ልጁ እያዛጋ ነበር።»

«ምንም?» አልኩ።

ድምፄን የሰማሁት ከወጣ በኋላ ነው። ያው ድምፅ ነበር፤ በቤቴ በር አጠገብ ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀምጦ የነበረው ሰው ድምፅ። ማዛጋቱን መጀመሪያ የነገርኩት እኔው ነኝ። አንድ ሰው ሁልጊዜ ሊያዛጋ ይችላል፤ የፓስፖርት ሥራ ያሰለቻል። አንድ ሰው ደግሞ የሌላውን መልስ ተውሶ ሊመልስ ይችላል። ይህን በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት፣ አፍሬም ተውኩት፤ ግን አስቤዋለሁ። ሚዜዬ ወደ መስኮቱ ዞረ። ጥዱን ማየት ጀመረ። እስከ ሪንከቢ ስለ እናቱ አወራኝ፤ ጥሩ አወራኝ፤ እኔም ሳቅሁ።

እነሆ ዓመታት አልፈዋል። መኪናው ብረት ሆኖ ተቀጥቅጧል፤ አሁን በእርግጥ ብረት ነው። ከሚዜዬ ጋር በሠርግና በለቅሶ እንገናኛለን። እንተቃቀፋለን፤ ስለ ብሩሹ ለሰው ሲያወራ ሁሉም ይስቃል፤ ፊደሏ ምን ፊደል እንደነበረች ግን ሲያወራ ይዘላታል። እኔም እዘላታለሁ። ያቺን ሁለተኛ «ምንም?» አንዳችንም አላነሣናትም። ሁለታችንም አሁን አገር ቤት ሄደን በሰላም የተመለስን ሰዎች ነን፤ ስንተያይም የምናየው ይህንኑ ይመስለኛል።

ማን እንደጫረው አላወቅሁም። የሱቅ ጋሪ ሊሆን ይችላል። የሕፃን ብስክሌት ሊሆን ይችላል። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ሰነፍ ነው በሚለው ጸንታለች። ሰው ከሆነ ግን የእኛ ሰው ነው፤ ሌላው ሕዝብ ያንን ሊጽፈው አይችልም፤ ቢጽፈውም ምን እንደሚያስፈራ አያውቅም።

ስለዚህ የቀረኝ ጥያቄ ለአንተ ነው፤ ለአንቺም። ይህን እዚህ ድረስ ማንበብ ከቻልክ ፊደል ቆጥረሃል። ፊደል ከቆጠርክ ያቺን ሰ ልትጽፋት ትችል ነበር። በዚያ የበረዶ ማለቂያ ቮርቢ ጎርድ፣ ከፎቁ ሥር፣ በአንድ ሰማያዊ መኪና አጠገብ ምስማር ወይም ቁልፍ ወይም ጋሪ ይዘህ ያለፍክ አንተ ከሆንክ፣ ንገረኝ። አልከስህም፣ ስምህንም አልጠይቅህም። ፊደል ነበረች ወይስ ጭረት? እሱን ብቻ ንገረኝ።